ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ ጋሎዋ፣ ስለ ቦረናና ስለ ፎገራ ከብቶች

ከአትላንታ፣ ጆርጂያ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው፣ የእኔ ነው እያለ የማይጠቀምበትን ሀብት ሲያስብ። ተረቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ባዶ ተስፋ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ቃሉን እንዳለ ወስጄ ስለ እውነተኛ ላሞች ልናገርበት እወዳለሁ።

እዚህ አትላንታና አካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በክላርክስተንም ሆነ በዲኬተር ሥጋ ቤት ገብተን ለክትፎና ለጥብስ የሚሆን ሥጋ ስናስመዝን፣ የከብቱን ዘር የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ይሁንና ስሙ ከዓይናችን ርቆ አያውቅም። በየበርገር ቤቱ ሰሌዳ ላይ «አንገስ» የሚል ቃል ተጽፎ እናያለን። አንገስ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለ አንድ አውራጃ ስም ነው። ወተታቸውን ቡናችን ላይ የምንጨምርላቸው ላሞችም እንዲሁ የአገር ስም የተሸከሙ ናቸው። ሆልስታይን በሰሜን ጀርመን የሚገኝ ግዛት ሲሆን፣ ጀርሲ ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ዓለም እነዚህን ጠባብ አገሮች የሚያውቃቸው በጦርነታቸው ወይም በነገሥታታቸው ሳይሆን በላሞቻቸው ነው።

ታዲያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የበለጠ የቀንድ ከብት ያላት፣ ቁጥራቸውም ከ60 ሚሊዮን በላይ የሆነ አገር ልጆች እንደመሆናችን፣ የእኛስ አውራጃዎች ስም የት ደረሰ? መልሱ «የትም» አይደለም። ቢያንስ አንዱ ስም አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ደርሷል፣ እዚህ አሜሪካም ድረስ መጥቷል። የደረሰው ግን በእኛ እጅ አይደለም። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት በቅድሚያ ወደ ስኮትላንድ መሻገር ይጠቅማል።

አንድ ቃል፣ ሦስት ትርጉም

በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ ከአየርላንድ ፊት ለፊት፣ ጋሎዋ የሚባል አገር አለ። እንግሊዞች ጋሎዌይ ይሉታል፤ ጋሎዋ የአገሬው የስኮትስ ቋንቋ አጠራር ነው። ስሙ የመጣው «ባዕዳን ጌሎች» የሚል ትርጉም ካለው የጥንት የጌሊክ ቃል ሲሆን፣ ጎረቤቶቻቸው ከሰሜን ባሕረኞች ጋር ለተቀላቀሉ ጌሎች የሰጡት መጠሪያ ነበር። አገሩ ዝናባም፣ ረግረጋማና ድንጋያማ ነው።

ስኮቶች ይህንን ቃል ለመሬቱ ብቻ አላስቀሩትም። ጋሎዋ ማለት አገሩም፣ ከአገሩ የሚገኘው ፈረስም፣ እዚያው የሚረባው የቀንድ ከብትም ነው። ሦስቱ የደረሰባቸው ዕጣ ግን የተለያየ ነው።

ፈረሱ ትንሽ፣ ፈጣንና ጽኑ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ ከእርሳስ ማዕድን ማውጫዎች ጭነት ያመላልስ ነበር፤ ሼክስፒር ሳይቀር በአንዱ ተውኔቱ ስሙን ጠርቶታል። ሆኖም ገበያው ትልልቅና ኃይለኛ ፈረሶችን ሲሻ፣ ባለቤቶቹ ከሌላ ዘር ጋር እያዳቀሉት ሄዱ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ከምድረ ገጽ ጠፋ። ስሙ ግን አልጠፋም። ዛሬም በአውስትራሊያ የፈረስ ትርኢት ላይ «ጋሎዌይ» የሚባል የውድድር ምድብ አለ፤ የሚገቡበትም ቁመታቸው መካከለኛ የሆነ ማናቸውም ፈረሶች ናቸው። ፈረሱ ሞቶ ስሙ የቁመት መለኪያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ከብቱ በአንጻሩ ተረፈ። ጥቁር፣ ቀንድ የሌለው፣ ዝናብና ብርድ የማይበግረው ድርብ ጠጉር ያለው ነው። ከእነዚህ መካከል ወገባቸውን ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉት በተለይ የታወቁ ሲሆን፣ በአሜሪካ መስኮች ላይም ይታያሉ። ፈረሱ ጠፍቶ ከብቱ የተረፈበት ምክንያት ምንድን ነው? አንዱና ዋነኛው መልስ መዝገብ ነው።

መዝገቡን ማን ያዘ?

የጋሎዋ ከብት ታሪክ ንጹሕ የደስታ ታሪክ አይደለም። እንግሊዝ በ1667 የአየርላንድ ከብት እንዳይገባ ስትከለክል፣ ለጋሎዋ ባላባቶች ሰፊ ገበያ ተከፈተላቸው። በ1707 ስኮትላንድና እንግሊዝ በአንድ ፓርላማ ሥር ሲጠቃለሉ ገበያው ይበልጥ ሰፋ። ነጂዎች ከብቱን በእግር እየነዱ እስከ ኖርፎክ መስኮችና እስከ ሎንዶን የስሚዝፊልድ ገበያ ያደርሱት ጀመር። ባላባቶቹም ለከብቱ ማሰማሪያ እንዲሆን መሬቱን በድንጋይ ካብ አጠሩት፤ በላዩ ይኖሩ የነበሩ ጭሰኞችም ተፈናቀሉ። በ1724 ተፈናቃዮቹ ተሰባስበው ካቡን ማፍረስ ጀመሩ፤ በታሪክም «ደልዳዮች» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይታወቃሉ። መንግሥት ፈረሰኛ ጦር ልኮ አመፁን አከሸፈው። እንግዲህ የአገሩ ስም በከብቱ ጀርባ ላይ ተጭኖ ወደ ዓለም ገበያ ሲወጣ፣ ከአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ ከመሬታቸው ወጡ።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ መጣ። ስለ ቀንድ አልባዎቹ የስኮትላንድ ከብቶች የተሰበሰበው ማስረጃ በ1851 በኤዲንበራ በደረሰ ቃጠሎ ወድሞ ነበር። በ1862 እንደገና ተሰባስቦ የመጀመሪያው የዘር መዝገብ ታተመ፤ በእርሱም የአንገስና የጋሎዋ ከብቶች አብረው ተመዘገቡ። በ1877 የጋሎዋ አርቢዎች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱና መዝገባቸውን ለዩ። ባለ መቀነቶቹ ደግሞ በ1921 የራሳቸው ማኅበር ቆመላቸው።

የዘር መዝገብ አሠራር ቀላል ነው። ጥጃ ሲወለድ የእናቱና የአባቱ ስም፣ የተወለደበት ቀንና የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ ቁጥርም ይሰጠዋል። ወላጆቹ በመዝገቡ የሌሉ ጥጃ፣ መልኩ የቱንም ያህል ቢመስል፣ በዘሩ ስም አይሸጥም። በዚህም ምክንያት ስሙ ዋጋ ያወጣል፤ ዋጋ ስላወጣም አርቢው ዘሩን ይጠብቃል። በ2001 በብሪታንያ የአፍተግር በሽታ ተነሥቶ ከስኮትላንድ ሁሉ ይልቅ ይህንኑ የጋሎዋን አካባቢ ክፉኛ ሲመታው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች ታርደው ተቃጠሉ። ዘሩ ግን አልጠፋም። የትኛው ከብት የማን ልጅ እንደሆነ ተጽፎ ስለነበር፣ ዘመዶቹም በሌሎች አገሮች ተመዝግበው ስለነበሩ ነው።

ሁለት ትምህርት እንውሰድ። የመጀመሪያው፣ የአገር ስም በከብት ላይ ጸንቶ የሚኖረው አንድ አካል መዝገብ ሲይዝለት ነው። ሁለተኛው፣ መዝገቡን የሚይዘው ሁልጊዜ ዘሩን ያስገኘው ሕዝብ አይደለም። እነዚህን ሁለት ነጥቦች ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

ቦረና፦ ሕዝብም፣ አገርም፣ ከብትም

ጋሎዋ ለሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የቅርብ ወንድም ቢፈለግለት ቦረና ነው። ቦረና ሕዝብ ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ያቤሎን፣ ዱብሉቅንና ሜጋን የሚያካትት አገር ነው፤ ከብትም ነው። በፈረንጆቹ መጻሕፍት «ቦራን» ተብሎ የሚጠራው ይህ ከብት ባብዛኛው ነጭ ወይም ዳለቻ፣ ባለ ሻኛ፣ ሰፊ ገላ ያለውና ረጅም መንገድ በጥማት የሚጓዝ ነው።

ይህ ከብት እንዲያው በተፈጥሮ ብቻ የተገኘ አይደለም። ቦረናዎች ከብታቸውን በገዳ ሥርዓታቸው፣ በግጦሽ ሕጋቸውና በውኃ ተራቸው ያሳደጉት ነው። ቱላ የሚባሉት ዘጠኙ የጥልቅ ጉድጓድ ቦታዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሰዎች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እያዜሙ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጡታል። የትኛው ከብት በየስንት ቀኑ እንደሚጠጣ፣ የማን መንጋ ቀድሞ እንደሚገባ በሕግ የተደነገገ ነው። ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ እንዳይበተንም ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዓት ዘመድ ላም ያዋጣለታል። የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ሆኖም ሥርዓቱ ካፈራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ከብት እንደሆነ ያስታወሰ ጥቂት ነው።

በ1907 በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው የወሰን ስምምነት የቦረና ምድር ለሁለት ተከፈለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያዎች በኬንያ ደጋማ አገር፣ በተለይም በላይኪፒያ፣ መሬት የያዙ አውሮፓውያን ሠፋሪዎች ከሶማሌና ከቦረና ነጋዴዎች እነዚህን ከብቶች መግዛት ጀመሩ። ከብቱን መረጡ፣ መዘኑ፣ መዘገቡ። በ1951 የኬንያ የቦራን ከብት አርቢዎች ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። ከብቱ ወደ ዛምቢያ ሄደ። ከዛምቢያ የተወሰዱ ፅንሶች በኮኮስ ደሴቶች ላይ በለይቶ ማቆያ ቆይተው በ1990 አውስትራሊያ ገቡ። ከአውስትራሊያ የመጣው የኮርማ ዘርም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በነብራስካ፣ በክሌይ ሴንተር በሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት የሥጋ ከብት ምርምር ማዕከል ከሌሎች ዘሮች ጋር ተነጻጽሮ ተፈተነ። በደቡብ አፍሪካም እንዲሁ የቦራን አርቢዎች የራሳቸው ማኅበር አላቸው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርም ላድርገው። በኤዲንበራ አጠገብ የሚገኘውና በ1996 ዶሊ የተባለችውን በግ ቅጂ ያስገኘው የሮስሊን ተቋም፣ ናይሮቢ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ አንድ የቦራን ኮርማ በቅጂ አስወልዷል። ስሙም በስዋሂሊ «ተስፋ» የሚል ትርጉም ያለው ቱማይኒ ነው። ዓላማው ወደፊት ከዝንጀሮ ዓይነት የተገኘ ጂን ጨምሮ፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈውን የገንዲ በሽታ የሚቋቋም ከብት ማግኘት ነበር። የስኮትላንድ ሊቃውንት በቦረና ከብት ላይ ሲመራመሩ ከብቱ የሚታወቀው «የኬንያ ቦራን» ተብሎ ነው።

በዚህ ኬንያውያንን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ከብቱን አልሰረቁም፤ ገዙት። ቦረናዎችም በድንበሩ በሁለቱም ወገን ይኖራሉ። ኬንያ መዝገብ ባይኖራት ኖሮ ዘሩ በዓለም ፊት ስም ባልኖረውም ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መነሣት አለበት። በ1951 በላይኪፒያ መዝገብ ሲከፈት፣ ያቤሎ ላይ ለምን አልተከፈተም? በኋላ ያቤሎ አጠገብ ዲድ ጡዩራ ላይ የመንግሥት የእርባታ ጣቢያ ቆሞ ዘሩን ለመጠበቅ ተሞክሯል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የመንግሥት ጣቢያና የአርቢዎች ማኅበር አንድ አይደሉም። ጣቢያው በበጀት ይኖራል፣ በበጀት ይሞታል። ማኅበር ግን ባለቤት አለው።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ የዝናቡ ወቅት አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲከሽፍ በቦረና ዞን በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አለቁ። ከእንደዚህ ያለ እልቂት በኋላ አርቢው በእጁ የሚገባውን ማንኛውንም ጊደር ገዝቶ መንጋውን ይተካል፤ የደጋው ላም ከቦረናው ጋር ይቀላቀላል። ይህን ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ ልጅ ወተት ይፈልጋል። ግን የትኛው ጊደር የማን ልጅ እንደነበረች የተጻፈበት ቦታ ከሌለ፣ ስሙ ቀርቶ ከብቱ እንደ ጋሎዋ ፈረስ ሊሆን ይችላል።

ፎገራ፣ መንዝ፣ ሸኮ

ቦረና ብቻውን አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጥለቀልቁት ሜዳ ላይ የፎገራ ከብት አለ። ባብዛኛው ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ ነው፤ ከሩቅ ያየው ሰው የፈረንጅ ላም ሊመስለው ይችላል። በረግረግ ላይ መኖርን፣ የዝንብ ብዛትን፣ ጎርፍ ሲመጣ መሸሽንና ሲሄድ መመለስን የለመደ፣ ለወተትም ለእርሻም የሚሆን ከብት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ እንዲዘራ ረዱ፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው የሩዝ ዓይነት የቦታውን ስም ይዞ ዛሬም ይታወቃል። ሩዙ ለፎገራ ገበሬ ትልቅ ሲሳይ ሆነ፤ ወረታም የሩዝ ከተማ ሆነች። ግን ሩዙ የበቀለው ላሙ ይግጥበት በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ግጦሹ ሲጠብ የንጹሑ ዘር ቁጥር ቀነሰ፤ ከሌሎች ከብቶች ጋርም ተደባለቀ። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የምርምር ማዕከልና የመተከል የእርባታ ጣቢያ ዘሩን ለማቆየት ደክመዋል። ቢሆንም የአንድ ዘር መኖሪያው ጣቢያ ሳይሆን ሜዳው ነው።

ወደ ሰሜን ሸዋ ስንሻገር የመንዝን በግ እናገኛለን። ላቱ አጭር ቢሆንም ስብ ያለበት፣ ጠጉሩ ባና የሚሠራበት፣ ጥቁሩ ደግሞ ለበርኖስ የሚፈለግ፣ ሌላ ከብት በሚከብደው ብርዳም ደጋ ላይ ችሎ የሚኖር ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደብረ ብርሃን ላይ የበግ እርባታ ማዕከል ቆሞ ከውጭ ዘሮች ጋር፣ በተለይም ከመካከለኛው ምሥራቅ ከመጣው የአዋሲ በግ ጋር፣ ሲያዳቅለው ቆይቷል።

በደቡብ ምዕራብ ደግሞ የሸኮ ከብት አለ። ገላው ትንሽ፣ ሻኛው አለ የማይባል፣ የጥንቶቹን ሻኛ የለሽ የአፍሪካ ከብቶች ደም የተሸከመ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የገንዲ በሽታን መቋቋሙ ነው። የሮስሊን ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ሊያስገኙ የሚደክሙለት ጠባይ፣ በሸኮ ጫካ ዳር ባለ አርሶ አደር ጓሮ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል ማለት ነው። ይሁንና ሸኮ ከአጎራባች የሻኛ ከብቶች ጋር እየተቀላቀለ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ይቆጠራል። አገራችን ይህንን ሀብት በሰማይ እንዳለችው ላም ከሩቁ ስታየው ትኖራለች።

«የሐበሻ ላም» የሚለው ስም

በዚህ ላይ የቋንቋችን ጣጣ ተጨምሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ላም ሁለት ዓይነት ናት፦ የፈረንጅ ላምና የሐበሻ ላም። የፈረንጇ ዝርዝር ስም አላት፤ ፍሪዥያን ወይም ጀርሲ ትባላለች። ፍሪዥያን ማለት በኔዘርላንድ ያለችው የፍሪስላንድ አገር ተወላጅ ማለት ነው። የእኛዋ ግን ከፎገራ ትምጣ ከሆሮ፣ ከራያ ትምጣ ከአርሲ፣ ሁሉም «የሐበሻ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላሉ። የገዛ አገራችንን አውራጃ ስም ለላማችን ነፍገን የኔዘርላንድን አውራጃ ስም ሳንሳሳት እንጠራለን።

ነጋዴው ግን ከምሁሩ የተሻለ ያውቃል። ለበዓል ቄራ ወይም ሾላ ገበያ የወረደ ሰው የሐረር ሰንጋ፣ የቦረና ሰንጋ፣ የባሌ ሰንጋ፣ የወለጋ ሰንጋ እየተባለ ዋጋ ሲጠራ ይሰማል። በእርግጥ እዚህ ላይ ስሙ የመጣበትን አገርና የአደላለቡን ዘዴ እንጂ ዘሩን ብቻ አያመለክትም። ሆኖም የአገር ስም ዋጋ እንደሚያወጣ ሻጭም ገዢም ያውቃሉ። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ዕውቀቱ የሚጻፍበት መዝገብ ነው።

ያልተጻፈ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ ታሪካችን አንድ ጊዜ በከባድ ዋጋ አስተምሮናል። በ1887 ለጣሊያን ጦር ስንቅ ከሕንድ በምፅዋ በኩል የገቡ ከብቶች የደስታን በሽታ ይዘው መጡ። በሽታው በ1888 አገሪቱን አዳረሰ፤ እስከ 1892 የዘለቀው ያ ዘመን «ክፉ ቀን» ይባላል። ከአገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ ሰውም በረሃብ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝባቸውን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ሲወሳ ይኖራል። ዛሬ ያሉት ዘሮቻችን በሙሉ ከዚያ እልቂት የተረፉት ልጆች ናቸው። በዚያን ጊዜ የትኛው አውራጃ ምን ዓይነት ዘር እንደጠፋበት ዛሬ ማንም ሊነግረን አይችልም፤ አልተጻፈምና። የደስታ በሽታ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታውጇል። ዘሮቻችንን የሚያጠፋው ግን ሌላ ነገር ሆኗል፤ የግጦሽ መጥበብ፣ ድርቅና ያለ ዕቅድ የሚደረግ ድቀላ።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ አንባቢ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ሕዝቡ ወተት አጥቶ ሳለ ስለ ዘር ንጽሕና ማውራት የቅንጦት ነገር አይደለምን? የፈረንጅ ላም ከሐበሻዋ ብዙ እጥፍ ትታለባለች።» ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ነገር ግን የድቀላው ጥቅም ራሱ የሚቆመው በአገር ዘሩ ላይ ነው። በሆለታ የምርምር ማዕከልና በአበርኖሳ የእርባታ ጣቢያ ለአሥርተ ዓመታት ሲዳቀሉ ከኖሩት ላሞች ብዙዎቹ በአባታቸው ፍሪዥያን፣ በእናታቸው ቦረና ናቸው። ፍሪዥያኑ ወተቱን ሲሰጥ ቦረናዋ ጽናቱን ትሰጣለች። የመጀመሪያው ትውልድ ብርቱ የሚሆነው ሁለቱ ወላጆች የተለያየ ዘር ስለሆኑ ነው፤ እናቲቱ ከጠፋች ብርታቱም ይጠፋል። የፈረንጅ ላም ደግሞ መኖ፣ ሐኪምና ጥላ ይኖራት ዘንድ ትሻለች። ይህ በተሟላበት በሰበታና በቢሾፍቱ ታዋጣለች፤ በቱላ ጉድጓድ አፍና በርብ ረግረግ ላይ ግን አትቆምም። ስለዚህ ምርጫው ከሁለት አንዱን መተው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቦታውን ማወቅ ነው።

ሌላም ፍርሃት አለ። በዘመናችን የአውራጃ ስም ሲጠራ «ይህ የማን ነው?» የሚል ጠብ ይከተላል። በጋይት የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ከብት ከድንበሩ ማዶ ባርካ ይባላል፤ ቦረናም የሁለት አገር ነው። ላሟ ግን የወሰን ድንጋይ አታውቅም። የጋራ የሆነ ዘር በጋራ ቢመዘገብ ለሁለቱም ወገን አርቢ ይበጀዋል እንጂ አይጎዳውም።

ምን ይደረግ?

ስም ዋጋ እንደሚያወጣ ከዚህ ቀደም በቡና አይተናል። ኢትዮጵያ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በዚህ በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሣ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነሥቶ፣ በ2007 በስምምነት አበቃ። ያን ጊዜ በውጭ ያለው ወገናችን ድምፁን ማሰማቱን የዘመኑ አንባቢ አይዘነጋውም። በጤፍ ደግሞ የተገላቢጦሹን አየን። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው ስምምነት ለአገሪቱ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም ሳያመጣ ቀረ። የኔዘርላንዱ የባለቤትነት መብት በሄግ ፍርድ ቤት መሰረዙ የተሰማው በ2019 ነው። በመካከሉ አገራችን የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998ን (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) አውጥታለች። አዋጁ ወደፊት የሚወጣውን ሊጠብቅ ይችላል። ከመቶ ዓመት በፊት በነጋዴ እጅ ድንበር የተሻገረውን የቦረና ከብት ግን አይመልሰውም፤ ማስመለስም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እዚያው ያለውን መመዝገብ ነው።

ለዚህ ደግሞ የውጭ ምሳሌ ብቻ መፈለግ የለብንም። ከ2009 ጀምሮ ዓለም አቀፍና የአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ በመንደር ደረጃ የሚካሄድ የእርባታ ሥራ ጀምረዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። የመንደሩ ሰዎች የወጣት አውራ በጎቻቸውን ክብደትና ትውልድ ያስመዘግባሉ፤ ከመካከላቸው በመረጡት ኮሚቴ አማካይነት ምርጦቹን ይለያሉ፤ የተመረጡት በጋራ ያገለግላሉ፣ የቀሩት ለገበያ ይወጣሉ። በተለይ በቦንጋ ማኅበራቱ ጠንክረው ምርጥ አውራ በግ ለሌሎች ወረዳዎች እስከመሸጥ ደርሰዋል። እዚህ ላይ መዝገቡ የባላባት ሳይሆን የአርቢው ነው። በ1724 ጋሎዋ ላይ የተፈናቀሉት ጭሰኞች ያላገኙት ነገር ይህ ነበር።

እንግዲህ በውጭ የምንኖር የተማርን ሰዎች ድርሻችን ምንድን ነው? መካከላችን የእንስሳት ሐኪሞች፣ የጄኔቲክስ ተመራማሪዎች፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችና የሕግ ሰዎች አሉ። ለአንድ የፎገራ አርቢዎች ማኅበር በአማርኛ፣ ለአንድ የቦረና ማኅበር በአፋን ኦሮሞ የሚሠራ የዘር መዝገብ ማዘጋጀት ከአቅማችን በላይ አይደለም። ሕንጻ አይጠይቅም፤ ሚኒስትር መሆንንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ማኅበሩ የአርቢው፣ መዝገቡም በአርቢው ቋንቋ እንዲሆን መጨከንን ነው። ስለ አገራችን ትልልቅ ጥያቄዎች ስንከራከር ሃምሳ ዓመት ሆኖናል፤ ክርክሩም ይቀጥላል። ይህ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፤ ላሚቱ አትጠብቅምና።

የጋሎዋ ፈረስ የጠፋው ጠላት ዘምቶበት አይደለም። በየጊዜው ባለቤቱ ትርፍ ያለውን ሲመርጥ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየሳሳ ነው የጠፋው። ስሙ ሲቀር የሚያውቀው ሰው ሁሉ ፈረሱም ያለ መስሎት ነበር። ፎገራና ሸኮ የሚሉት ስሞች ዛሬ በሕይወት ካለ ከብት ጋር ናቸው። ከከብቱ ጋር እንዲኖሩ ከተፈለገ መዝገቡ የሚከፈተው ከብቱ ሳለ ነው።

ቸር ይግጠመን።